ሸራ የለበሰችው ላንድክሩዘር

 

የዛሬው የጁምዐ ማስታወሻችን ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ነው። «መኪናና ዲን ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉ፤ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ግንኙነቱን ኢንሻአላህ ታገኙታላችሁ። መኪና የሌላችሁም «ይሄ እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ እንዳታልፉት። እኔም መኪና የለኝም።

አጎቴ በጉልበታቸው ዘመን ቡና ነጋዴ ነበሩ። ከጂማ ገጠር ቡና የሚሰበስቡት በአንዲት ላንድክሩዘር ነበር፤ ሃርድቶፕ የምንላት፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት፣ ጭቃ የማይበግራት። ልጆች ሆነን ለዒድ ወደ ገጠር የምንወርደው በእሷ ነበር። ከኋላ ባሉት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ጭንቅላታችን ጣሪያውን ይመታል፣ እኛ እንስቃለን። አጎቴ እሷን ነድተው ነው ቤት የሠሩት፣ ልጆች ያስተማሩት፣ ሐጅ ያደረጉት።

ከዚያ ዓይናቸው ደከመና መንዳት አቆሙ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆመች፣ ሸራ ለበሰች። አራት ዓመት! ከሱብሒ ሲመለሱ ሸራውን ገለጥ አድርገው ያዩዋታል፣ አንዳንዴ ሞተሯን አስነስተው ድምፅዋን ያዳምጣሉ፣ ከዚያ መልሰው ይሸፍኗታል። ደላሎች በሩን ማንኳኳት አልተዉም። በእኛ ሀገር መኪና ስላረጀ ብቻ ዋጋው ቶሎ አይወድቅም፣ ላንድክሩዘር ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ልጆቻቸው «አባ፣ ለምን አትሸጣትም?» ይላሉ። እሳቸው «ትቆይ» ይላሉ። አይነዷትም፣ አይሸጧትም፣ አይሰጧትም።

እስኪ እዚህ ላይ ቆም ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። በየቤታችን ሸራ የለበሰ ነገር የለም? የማንጠቀምበት፣ ግን ከእጃችን እንዲወጣ የማንፈልገው?

አንድ ቀን ከአጎቴ የትውልድ ቀዬ መርዶ መጣ። የሩቅ ዘመድ፣ ገና ወጣት ሴት። ሌሊት ምጥ ያዛት። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶታል። አምቡላንስ ተደወለ፤ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሄዷል። የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው በጨለማ ወደ ጤና ጣቢያው ወረዱ። ሳይደርሱ ደም ፈሷት ሞተች። አላህ ይዘንላት፣ ከሸሂዶችም ይመድባት።

አጎቴ ለቅሶ ደርሰው ተመለሱ። ያን ቀን ማታ ከዒሻእ በኋላ ወንበር አውጥተው ከመኪናዋ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔ ቡና ይዤላቸው ወጣሁ። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «እኔ አራት ዓመት ሙሉ ምን እየጠበቅኩ ነበር?»

ወንድሞችና እህቶች፣ መኪናዋ እዚያ ብትኖር ኖሮ ያቺ እህታችን ትድን ነበር አልልም። አጀል በአላህ እጅ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ባለፈ ነገር ላይ «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» ማለት ለሸይጧን ሥራ በር እንደሚከፍት አስተምረውናል። ስለ ትናንቱ ቀደር ብለን እንቀበላለን። ስለ ነገው ግን እንጠየቃለን።

ይህን ጉዳይ ሳስብ አንድ ነገር ገረመኝ። ዲናችን ስለ መጓጓዣ ስንት ነገር ተናግሯል! በዚያ ዘመን ግመልና ፈረስ ነበር፣ ዛሬ ጎማና ሞተር ነው።

በሰሒሕ ሙስሊም አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) የሚነግሩን ታሪክ አለ። ሶሓቦች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ጉዞ ላይ ሳሉ አንድ ሰው ወደ እነሱ መጣና ቀኝና ግራ እያየ ቆመ። ምን እንደቸገረው እንኳ አልተናገረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወዲያውኑ ትርፍ መጓጓዣ ያለው ለሌለው እንዲሰጥ አዘዙ፤ ትርፍ ስንቅ ያለውም እንዲሁ። እንዲህ እያሉ የሀብት ዓይነቶችን ቆጠሩ፤ ሶሓቦቹም ከእኛ መካከል ማንም ትርፍ በሆነ ነገር ላይ መብት የለውም ብለው እስኪያስቡ ድረስ። አስተውላችኋል? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰውየውን ዓይን አይተው ነው የተረዱት። ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጡት ደግሞ መጓጓዣን ነው።

ሁለተኛው በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 92 ላይ ነው። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ለተቡክ ዘመቻ ሙስሊሞች ሲዘጋጁ፣ የሚጓዙበት የሌላቸው ሰዎች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። እሳቸው የሚያሳፍሩበት እንዳጡ ነገሯቸው። ሰዎቹ እያለቀሱ ተመለሱ። አላህ ያንን እንባ በቁርኣን ውስጥ አስፍሮታል! መጓጓዣ በማጣት የፈሰሰ እንባ አላህ ዘንድ ትንሽ ነገር አይደለም። ዛሬም ቃሬዛ ተሸክመው የሚያለቅሱ አሉ።

ሦስተኛው ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ሱረቱ አሊ ዒምራን አንቀጽ 92፦ ከምንወደው ነገር እስካልለገስን ድረስ እውነተኛውን በጎነት እንደማናገኝ አላህ ይነግረናል። ይህ አንቀጽ ሲወርድ አቡ ጦልሓ (ረ.ዐ) ከንብረታቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱትን፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ፊት ለፊት ያለውን በይሩሓእ የሚባል የተምር አትክልት ለአላህ ብለው ሰጡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ተደሰቱበት፤ ለቅርብ ዘመዶቹ እንዲያከፋፍለውም መከሩት።

አጎቴ ይህን አንቀጽ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ያውቁታል። ያን ሰሞን ግን አዲስ የሰሙት ይመስል ነበር።

ቤተሰቡ ተሰበሰበ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀላል ስብሰባ አልነበረም። ትልቁ ልጃቸው «አባ፣ እንሽጣትና ከገንዘቡ የተወሰነውን ሶደቃ እንስጥ፤ የቀረው ለእህቴ ሱቅ መክፈቻ ይሁን» አለ። ይህ ሐሳብ መጥፎ አይደለም። ለቤተሰብ መስጠትም ሶደቃ ነው። አጎቴ ሳይቆጡ የሰፈራችንን ሸኽ ጠሯቸው። ሸኹ ጥያቄ ነው የጠየቁት፦ «ሐጂ፣ ዕዳ አለብዎት? ቤት ውስጥ የሚበላ የሚጠጣ ይጎድላል? ልጆቹ በዚህች መኪና የሚተዳደሩ ናቸው?» የሁሉም መልስ «የለም» ነበር። «እንግዲያው እርስዎ ጤነኛ ነዎት፣ ንብረቱ የእርስዎ ነው፣ ልብዎ ደግሞ ገና ይሳሳላታል። ከሶደቃ ሁሉ በላጩ ሰው ጤነኛ ሆኖ፣ እየሳሳ፣ ድህነትን እየፈራ የሚሰጠው እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ነፍስ ጉሮሮ ስትደርስማ ንብረቱ አስቀድሞ የሌላ ሰው ሆኗል» አሏቸው።

ትልቁ ልጅ ዝም አለ። ከዚያ ተነሥቶ የአባቱን እጅ ሳመ። ያልጠበቅኩት ደግሞ በማግስቱ የሆነው ነው፤ መኪናዋን ወደ ጋራዥ የወሰዳት እሱ ነበር።

መካኒኩ አያት። የፍሬን ሸራው አልቋል፣ ባትሪው ሞቷል፣ ጎማዎቹ ከመቆም ብዛት ተሰነጣጥቀዋል፣ አንዱ ባሊስትራ ተሰብሯል። ወጪው ቀላል አልነበረም። አንድ ጎረቤት «በነፃ ለሚሰጥ መኪና ይህን ያህል ገንዘብ?» አለ። አጎቴ ምን አሉት መሰላችሁ? «የምሰጣት ለማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ሱብሃነላህ! በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 267 አላህ እኛ ራሳችን ቢሰጡን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን መጥፎ ነገር መርጠን እንዳንለግስ ይከለክለናል። ወንድሜ፣ ፍሬን የሌለው መኪና «ለአላህ ብዬ ሰጠሁ» ብትል፣ እሱ ላይ ነፍሰ ጡር ተጭና ገደል ብትገባ ምን ትላለህ? አሮጌ ነገር መስጠት ነውር የለውም። ብልሽቱን ደብቆ መስጠት ግን ነውር ነው። ማደስ የማትችል ከሆነ ቢያንስ «ይህ ይህ ይጎድላታል» ብለህ ተናገር።

መኪናዋ ታድሳ ወደ ገጠር ወረደች። ለቀበሌው መስጂድ ጀማዓ ተሰጠች፤ ሕመምተኛና ወላድ ወደ ጤና ጣቢያ እንድታደርስ። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ ማን እንደነበረች ታውቃላችሁ? ክርስቲያን ጎረቤታቸው። አጎቴ ሲሰሙ ደስታቸው እጥፍ ሆነ። ሕይወት ላለው ፍጡር ሁሉ በሚደረግ በጎ ነገር አጅር እንዳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ለተጠማ ውሻ ውሃ በማጠጣት ምሕረት ከተገኘ፣ በምጥ የተያዘች ጎረቤትማ እንዴት ይሆናል!

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ፈተናው ገና ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ አጎቴ ለሰርግ ወደዚያው ወረዱ። መኪናዋን አዩዋት። በጭቃ ተለውሳለች፣ አንዱ በር ተጨፍልቋል፣ መስታወቷ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ያን ቀን ደግሞ የጫነችው በሽተኛ ሳይሆን የሰርግ ዕቃ ነበር። አጎቴ ደማቸው ፈላ። አራት ዓመት በሸራ የጠበቋት መኪና! ምሽት ላይ «ገንዘብ ከፍዬ ልመልሳት፣ እኔ ጋ ብትሆን ይሻላል» አሉ።

ይህ ስሜት ከእሳቸው በፊት የዑመር (ረ.ዐ) ነበር። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ፈረስ በአላህ መንገድ ሰጡ። የተሰጠው ሰው ፈረሱን አልተንከባከበውም። ዑመር (ረ.ዐ) በርካሽ ይሸጠዋል ብለው አስበው መልሰው ሊገዙት ፈለጉና ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ዲርሃም እንኳ ቢሸጥልህ እንዳትገዛው አሏቸው። ሶደቃውን የሚመልስ ሰው ትውከቱን እንደሚልስ ውሻ ነው ብለውም ምሳሌውን ከበድ አደረጉት።

ለምን እንዲህ ከበደ? ዑመር (ረ.ዐ) እኮ ያሰቡት በጎ ነገር ነው፤ ለፈረሱ አዝነው ነው። ነገር ግን ለአላህ የሰጠኸውን ነገር ልብህ እየተከተለው ከሄደ ገና አልሰጠኸውም። እጅህ ለቆታል፣ ልብህ ግን ገመዱን ይዟል። አላህ ዘንድ የተመዘገበው የሰጠህበት ቀን ኒያህ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ቢጨፈለቅ ከአጅርህ ላይ ቀለም አይላጥም።

አጎቴ ይህን ሐዲሥ ሲያስታውሱ አለቀሱ። መልሰው አልገዟትም። በማግስቱ ግን ከጀማዓው ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ተነጋገሩ። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ እንዳልነበረ ያን ቀን ነው የገባቸው። መኪናዋን ሲሰጡ ሾፌሩ ማን እንደሚሆን፣ ናፍጣው ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን ሥራ እንደምትውልና እንደማትውል በወረቀት አልተጻፈም ነበር። የሰርግ ዕቃ የጫኑትም የናፍጣ መግዣ አጥተው በኪራይ ነበር። አሁን ተጻፈ። ትልቁ ልጃቸውም በየወሩ ለናፍጣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ይልካል።

እስኪ ከዚህ ለራሳችን የሚሆነንን እንያዝ።

1. ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። አራት ጎማ የሚነዳ መኪና ናፍጣ ይበላል፣ መለዋወጫው ውድ ነው። ከተማ ውስጥ ላለ የየቲሞች ማሳደጊያ ሸክም ሊሆንበት ይችላል፤ ለእነሱ ሸጦ ገንዘቡን መስጠት ሊሻል ይችላል። ገጠር ላለ ጤና ጣቢያ ግን ሌላ መኪና የማይደርስበት ይደርሳል። የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ ተቀባዩ ያውቃል።

2. ወረቀቱን ጨርሱ። ስም ሳይዞር፣ ሊብሬው በስማችሁ እንዳለ፣ ቁልፍ ብቻ ማስረከብ ለእናንተም ለእነሱም ጣጣ ነው። ነገ አደጋ ቢደርስ ወይ ውርስ ቢነሣ ጠብ ይሆናል። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱና ቦሎው መታደሱንም አረጋግጡ።

3. ወቅፍ ልታደርጉት ከፈለጋችሁ ተማሩ። ዑመር (ረ.ዐ) የኸይበር መሬታቸውን ዋናው እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ ፍሬው ግን ለድሆችና ለመንገደኞች እንዲውል አድርገው ሰጥተዋል። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድም (ረ.ዐ) ጥሩራቸውንና የጦር ዕቃቸውን በአላህ መንገድ ወቅፍ አድርገዋል። ብዙኃኑ ዑለማኦች ከዚህ ተነሥተው የሚንቀሳቀስ ንብረትም ወቅፍ ሊሆን እንደሚችል ይናገራሉ። ዝርዝሩን ግን ከምታምኑት ዓሊም ጠይቁ።

4. ከዘካ ጋር አታምታቱ። ለግል መጠቀሚያ የያዛችሁት መኪና ዘካ የለበትም። መኪና ስለሰጣችሁ ደግሞ የገንዘባችሁ ዘካ ወጣ ማለት አይደለም። ዘካ የራሱ ኒያ፣ የራሱ መጠን፣ የራሱ ተቀባዮች አሉት።

5. የወላጅ መኪና ከሆነ ተጠንቀቁ። አባት ወይ እናት ሞተው የቀረ መኪና የወራሾች ሁሉ ነው። መጀመሪያ ዕዳ ይከፈላል። ከዚያ አዋቂ ወራሾች ከተስማሙ ከድርሻቸው መስጠት ይችላሉ፤ የሕፃን ድርሻ ግን አይነካም። ለሞተ ወላጅ ሶደቃ እንደሚደርስ ደግሞ አትጠራጠሩ። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) እናታቸው እሳቸው በሌሉበት ሞተው፣ ሶደቃ ብሰጥላት ይጠቅማታል ወይ ብለው ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዎ ብለዋቸዋል፤ እሳቸውም አትክልታቸውን በእናታቸው ስም ሰጥተዋል።

6. ውጭ ሀገር ያላችሁ፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ። እዚያ መኪና የሚቀበሉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ግን መኪናውን ራሱን አይጠቀሙበትም፤ በጨረታ ሸጠው ገንዘቡን ይወስዳሉ። ከ500 ዶላር በላይ ከሆነ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚቀነስላችሁም በአብዛኛው በተሸጠበት ዋጋ ልክ ነው። ይህ የተፈቀደ ጥቅም ነው፣ ተጠቀሙበት። ግን ኒያችሁን ፈትሹ፦ ግብሩ ባይቀነስ ኖሮ ትሰጡት ነበር?

7. ፎቶውን ቀንሱ። ቁልፍ ሲረከብ ሪባን፣ ባነር፣ ቀጥታ ስርጭት... አላህ በግልጽ መስጠትንም መልካም ብሎታል፣ በድብቅ ለድሆች መስጠት ግን የተሻለ እንደሆነ ነግሮናል። መመጻደቅና ማስከፋት ደግሞ ሶደቃን እንደሚያበላሽ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 264 ላይ አስጠንቅቆናል። «እኔ በሰጠኋቸው መኪና እየሄዱ ሰላም እንኳ አይሉኝም» ያለ ሰው ምን ቀረው?

አሁን ወደ አብዛኞቻችን እንምጣ። መኪና የለንም። ታዲያ የእኛ ላንድክሩዘር ምንድን ነው?

መሳቢያ ውስጥ የተኛው ላፕቶፕ ይሆናል፤ ጎረቤታችሁ ያለች ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን በስልክ እየጻፈች። አንድ ቀን የለበሳችሁት ጃኬት ይሆናል። ሳይነዳ በረንዳ ላይ የዛገ ብስክሌት ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውን መጓጓዣው ላይ ደግፎ ማውጣትን፣ ዕቃውን አንሥቶ መጫንን እንኳ ሶደቃ ብለውታል። ስለዚህ ታክሲ ሰልፍ ላይ የአንዲት እናት ዘንቢል ያነሣ ወጣት ከዚህ በር ገብቷል። ዋናው መኪና መሆኑ አይደለም፤ ሸራውን መግለጥ ነው።

ዛሬ ጁምዐ ነው፣ ሱረቱል ካህፍን ታነባላችሁ። ስለ መርከቧ ስትደርሱ ትንሽ ቆዩ። ባሕር ላይ ለሚሠሩ ድሆች መተዳደሪያ ነበረች። ኸድር ነቀል አድርጎ ነውር አኖረባት፤ ሙሳም (ዐ.ሰ) ተቃወሙ። ነገር ግን ደህና መርከብ ሁሉ እየቀማ የሚወስድ ንጉሥ ከኋላ ነበር፤ ያ ነውር ለድሆቹ መርከባቸውን አዳነላቸው። አላህ የድሆችን መጓጓዣ እንዲህ ይጠብቃል። እኛ ጭረት ብቻ የምናይበት ነገር ላይ አላህ ሌላ ነገር ሊያይ ይችላል። አጎቴ አሁን የተጨፈለቀውን በር ሲያነሡ «ያቺ ጭረት ምስክሬ ትሁን» ይላሉ።

ግቢያቸው ባዶ ነው። መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ላይ ዘይት ያጠቆረው መሬት ብቻ ቀርቷል። ከሱብሒ ሲመለሱ አሁንም እዚያ ቆም ይላሉ። ምን እያሉ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ዱዓ ይመስለኛል።

እናንተም ዛሬ ከጁምዐ መልስ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ሸራ ገልጡ። አንድ ብቻ። እስከ ሚቀጥለው ጁምዐ ባለቤቱን ፈልጉለት።

አላህ ሆይ፣ በእጃችን ያኖርከውን በልባችን ውስጥ አታስገባብን። ከምንወደው የምንሰጥ፣ ከሰጠን በኋላ ዞረን የማናይ አድርገን። በምጥና በሕመም መንገድ ላይ ላሉት ሁሉ መንገዱን አቅልልላቸው። የሞቱብንን ማር፣ ሶደቃችንን በኢኽላስ ተቀበለን። አሚን።

በዛሬው ቀን በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛትን አትርሱ። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።